ለማይበጠሰው የአንገት ማንጠልጠያ የቀረበ ምስጋና

ጥር 6 ቀን 2005 ዓ.ም.
ጎንደር

ለተከበሩ አቶ ማንያዘዋል
የጋሻ በር ጥበቃና ጭነት አገልግሎት ማኅበር ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ስለ አዲሱ መታወቂያ ካርድ፣ ስለ ማተሚያ ማሽኑና አብረውት ስለተገዙት ዕቃዎች ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፤

ሰባ አራት ዓመቴን ባለፈው ኅዳር የደፈንኩት፣ ከቤቴ ከፀዳ ጎንደር ፒያሳ ድረስ ባጃጅ ሳልለምን ሦስት ጊዜ ብቻ አርፌ በእግሬ የምደርሰው፣ የባሕር ዛፍ ግንድ በገዛ መጥረቢያዬ ፈልጬ የማነደው፣ ጺሜን ያለ መስታወት የምላጨው፣ ሚስቴ ከሞተች ወዲህም ወጤን ራሴ ሠርቼ ልብሴን ራሴ አጥቤ የማንንም ደጅ ያልጠናሁት እኔ አምባቸው አንዳርጋቸው፣ ለክቡርነትዎ የከበረ ሰላምታዬን በትሕትና አቀርባለሁ። ለመሆኑ ጤናዎ እንዴት ነው? አንገትዎስ? ሁለቱ እጆችዎ እንደ ወትሮው በየቦታቸው አሉ? አምላክ ሙሉ አካልዎን እንደጠበቀ ያቆይልኝ። ይህን የምለው ለወግ ያህል ሳይሆን ከልቤ ነው፤ ከዚህ በታች እንደሚያነቡት በቅርብ ቀን በአካል እንገናኛለንና ጎድለው እንዳላገኝዎ እፈልጋለሁ።

ፊደል የቆጠርኩት ወህኒ ቤት ስለሆነ ጽሑፌ ቢንጋደድ ይቅርታ አልጠይቅም። ይህችን ደብዳቤ ለመጻፍ አምስት ቀን ፈጅቶብኛል። በእጅዎ ከመስጠት ይልቅ በማኅበሩ በር ካለው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የለጠፍኳት፣ እርስዎ መሳቢያ ውስጥ የገባ ወረቀት ተመልሶ ብርሃን እንደማያይ ስለተረዳሁ ነው። የሚያልፍ የሚያገድመውም እንዲገባው ከመነሻው ልነሳ።

በ1985 ዓ.ም. በተወለድኩበት ደጋ፣ መካነ ብርሃን ላይ፣ በግጦሽ ድንበር ጠብ፣ ሸዋአየሁ የሚባል ሰው በጥይት ገድያለሁ። አልክድም። ደረቱን ነው የመታሁት፤ የተጣላንበትን ሳር በጭብጡ እንደያዘ ነው የወደቀው። ዐሥራ አንድ ዓመት ታስሬ ከመንግሥት ጋር ተጨራረስኩ፤ ከሟች ወገን ጋር ግን አልተጨራረስኩም። በአገራችን ልማድ ገዳይ በአንገቱ ገመድ አጥልቆ በሟች ደጃፍ ይንበረከካል፤ እርቁም ከዚያ ይጀመራል። ሽማግሌዎች ሦስት ጊዜ ለመኑኝ፣ እኔም ሦስት ጊዜ «አምባቸው እንደ በሬ ገመድ አያጠልቅም» ብዬ መለስኳቸው። ደም የሚፈልግ ሰው ደግሞ እንደኔ ያለውን ያረጀ አይነካም፤ ከቤቱ መርጦ ደህናውን ነው የሚጥለው። በቤቴ ያለው ደህና አንድ ነው፤ ልጄ አስማረ። እናቱ፣ ጥሩ የምትባለው ሚስቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ እኔ እንደታሰርኩ የስድስት ዓመት ልጇን ይዛ ጎንደር ገባች፤ አባቱን፣ አያቱንና አገሩን ለማንም እንዳይናገር አድርጋ አሳደገችው። «አስማረ» ብቻ እየተባለ አድጎ በእርስዎ ማኅበር ጥበቃ ሆነ፣ ፒያሳ ካለ አንድ የእህል መጋዘን በር ላይም ቆመ። ሃያ ዓመት ሙሉ ጠላቶቹ ፈልገው አላገኙትም። እርስዎ በአንድ መኸር አስገኙላቸው።

ባለፈው ነሐሴ ማኅበሩ የመታወቂያ ካርድ ማተሚያ ሊገዛ ኮሚቴ ሲያቋቁም፣ እኔን በጡረተኛ ጥበቃዎች ስም መምረጥዎ እስከ ዛሬ ከልቤ አልጠፋም። ስለ ማሽን አውቃለሁ ብለው የመረጡኝ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ስለማላውቅ እንደሆነ የገባኝ ዘግይቶ ነው። እርስዎ፣ ጸሐፊዋ ሰርካለምና እኔ ፒያሳ አቶ አብዱልጀሊል ሱቅ ሄድን። ሰውየው በአያቱ ሱቅ የሚነግድ፣ ዕቃውን የሚያውቅ ሰው ነው። ማሽኖቹን፣ ፕላስቲክ ካርዱን፣ የቀለሙን ሪባንና የአንገት ማንጠልጠያውን እየዘረጋ አንድ ሰዓት ሙሉ አስረዳን። «ለጥበቃ ሰው በአንድ ገጽ የሚያትመው ይበቃችኋል፤ ፎቶ፣ አጭር ስም፣ ቁጥርና የቢሯችሁ ስልክ። የቀረው መዝገባችሁ ውስጥ ይቀመጥ» አለ። እርስዎ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «አያ አምባቸው፣ ይሄ ሰው አልሸጥ ያለውን ሊያስታቅፈን ነው» አሉኝ። እኔ ደግሞ ክራባት ያሰረ ሰው የተናገረው ሁሉ እውነት ስለሚመስለኝ፣ ሰውየውን በገዛ ሱቁ ውስጥ ደንበኛ እየሰማ አዋርጄ ሰደብኩት፤ «የፈለጉትን ይግዙ፣ እፈርማለሁ» ብዬም ተቆጥቼ ወጣሁ። ደረጃው ላይ ተቀምጬ ሳኮርፍ ውስጥ ምን እንደተባለ አልሰማሁም። የፈረምኩት ግን እኔው ነኝ፤ በግዢው ወረቀት ላይ ሦስተኛው ፊርማ የኔ ነው።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ስለ ካርዱ ጀርባ። በሁለት ገጽ የሚያትም ማሽን ተገዝቶ አንዱ ገጽ ባዶ ቢወጣ ማኅበሩን እንደሚያሳፍር ተገንዝበው፣ ባዶው ቦታ በሙሉ እንዲሞላ ያዘዙበትን ትጋት አደንቃለሁ። ስም ከነአባትና ከነአያት፣ የትውልድ አገር ከነቀበሌው፣ የሚጠብቁት መጋዘን ከነከተማውና ከነሰፈሩ፣ የሚቆሙበት ሰዓት፣ ከታች ደግሞ የደም ዓይነት። ስለ ደሙ የጠየቀም የመረመረም ሰው ስላልነበረ የሠላሳ ስምንቱም ጥበቃ ደም አንድ ዓይነት ሆኖ ታተመ። ሐኪሙ ካርድዎን አምኖ ሳይመረምር ደም ቢሰጠው ኖሮ፣ መጥረቢያ ያልጨረሰውን ልጄን ካርድዎ ይጨርሰው ነበር።

አስማረ ካርዱን የተቀበለ ዕለት ፀዳ ድረስ መጥቶ «አባዬ፣ ይሄ ሁሉ መጻፉ ይሻላል?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። እኔ ስሜን በልጄ ደረት ላይ አይቼ የማላውቅ ሰው፣ «አስማረ አምባቸው አንዳርጋቸው» የሚለውን በጣቴ እየተከተልኩ ሦስት ጊዜ አነበብኩና «ምነው? ስም እኮ ነው፤ አንጠልጥለው» አልኩት። ይህን የምነግርዎ ጥፋቱ በሙሉ የእርስዎ ነው ብዬ እንዳልዋሽ ነው። የእርስዎ ድርሻ ብቻውን ይበቃዎታል።

፪. ስለ ሪባኑ። ለማያውቁ አንባቢዎች ላስረዳ፤ እኔም ዘግይቼ ነው ያወቅሁት። ይህ ማሽን ስሙን የሚያትመው እንደ ካሴት ክር ከሚያብረቀርቅ፣ ግን ሰፋ ካለ ስስ ሪባን ላይ ጥቁሩን ቀለም እያነሳ ነው። ቀለሙ ወደ ካርዱ ሲሄድ የፊደሉ ቦታ ሪባኑ ላይ ባዶ ሆኖ ይቀራል። ያለቀ ሪባን ለፀሐይ ሲያዝ የሠላሳ ስምንት ሰው ስም፣ አባት፣ አያት፣ አገርና መቆሚያ በብርሃን ተጽፎ ይነበባል። እርስዎ ይህን ያውቁ ነበር። እኔ ደረጃው ላይ ሳኮርፍ አቶ አብዱልጀሊል «ያለቀውን እንዳትጥሉት፣ አቃጥሉት ወይም ቆራርጡት፤ ሰው ያነበዋል» ብሎ በቃል ነግሮዎታል፣ በጽሑፍም ሰጥቶዎታል። ወረቀቱን በትእዛዝዎ መሳቢያ ውስጥ እንዳስገባችው ሰርካለም እያለቀሰች ነግራኛለች።

በጥቅምት ቢሮዎ ብመጣ ሁለት ጥቅል ያለቀ ሪባን ከጠረጴዛዎ ሥር አይቼ ምን እንደሚደረግ ጠየቅሁዎ። «ወስደው ወፍ ይከላከሉበት አያ አምባቸው፤ ሲያብረቀርቅ ወፍ አይደፍረውም» ብለው በሁለት እጅዎ ሰጡኝ። በማኅበሩ ባገለገልኩበት ዘመን ሁሉ ከእጅዎ ያገኘሁት ስጦታ እሱ ብቻ ነው። እኔም ዕቃ ሲጣል አልወድምና፣ መካነ ብርሃን ላይ ገብስ ለዘራችው እህቴ ለወለተሩፋኤል በሰው ላክሁላት። ከችካል ችካል ወጥራ ማሳዋን ዙሪያውን አጠረችበት። «ሸጋ ነገር ልከህልኛል፣ ወፍ ድርሽ አላለም» ብላም መልእክት ላከችብኝ።

ወፍ ድርሽ አላለም። የሸዋአየሁ ልጅ ሐብተ ማርያም ግን ከጠዋቱ ፀሐይ ፊት ለፊት በማሳው ዳር ሲያልፍ ቆመ። ሲያነብ ያዩት ጎረቤቶች ከችካል ወደ ችካል እየሄደ ዙሪያውን እንደጨረሰ፣ አንዱን ቦታ ሁለቴ ተመልሶ እንዳየው፣ ከዚያም ክንድ ያህል ቆርጦ በኪሱ እንደከተተ ኋላ ለእህቴ ነግረዋታል። የአባቱ ሰዎች ሃያ ዓመት በየገበያው ያጡትን፣ አገር፣ ከተማ፣ ሰፈር፣ በርና ሰዓት ከነፊደሉ ሰቅለን ጠበቅነው። እርስዎ ሰጡኝ፣ እኔ ላክሁት።

፫. ስለ አንገት ማንጠልጠያው። ከመቆጣቴ በፊት አቶ አብዱልጀሊል፣ ሲሳብ ከማጅራት በኩል በራሱ የሚላቀቅ ማንጠልጠያ አሳይቶን ነበር። «የጥበቃ ሰው ከሰው መያያዝ አይቀርለትም፤ የሚታነቅበትን ነገር አንገቱ ላይ አታንጠልጥሉ» አለ። እርስዎ ግን ሠራተኛው ካርድ እንዳይጥል ብለው ሌላውን መረጡ፤ ሁለቱን ጫፍ ይዘው ሳብ ሳብ አድርገው «ይሄ በሬም ይጎትታል» አሉ። ልክ ነበሩ፤ ይጎትታል።

ታኅሣሥ 4 ቀን ከጠዋቱ አራት ሰዓት ሐብተ ማርያም ጋቢውን ተከናንቦ መጋዘኑ በር ላይ መጣ። እህል ይዞ የመጣ ባላገር መስሎ «መታወቂያህን አሳየኝ፣ ለማላውቀው ሰው እህሌን አላስረክብም» አለው። ጥበቃ ሲጠየቅ ካርዱን ያሳያል ብለው መመሪያ አውጥተዋልና ልጄ አሳየው። ሰውየው ካርዱን ገለበጠ። ጀርባውን ሳይቸኩል አነበበ፤ ከኪሱ ቁራጭ ሪባን አውጥቶም አስተያየ። ከዚያ «የአምባቸው ነህ ለካ» አለና ማንጠልጠያውን በግራ እጁ ሁለት ዙር ጠቅልሎ አንገቱን ወደ መሬት ሳበው። በቀኙ መጥረቢያ አወጣ።

የመጀመሪያው ምት ለአንገቱ የታሰበ ነበር፤ ልጄ ቀኝ እጁን አስቀደመ። እጁ ከአንጓው ተቆርጦ ሲሚንቶው ላይ ወደቀ። ወድቆም ጣቶቹ ሲታጠፉና ሲዘረጉ የመጋዘኑ ሠራተኞች አይተዋል። ሁለተኛው ምት ትከሻውን እስከ አጥንቱ ከፈተው። የበሩ ብረት በደሙ ታጠበ። ሊያመልጥ ሦስት ጊዜ ተፈናጠረ፤ ማንጠልጠያዎ ሦስቱንም ጊዜ ወደ መጥረቢያው መለሰው። አንዲት ክር አልተፈታችም። ሦስተኛው ምት ሳይወርድ አቶ አብዱልጀሊል፣ ያ እኔ በሰው ፊት የሰደብኩት፣ ከመጋዘኑ ፊት ለፊት ካለው ሱቁ የሚዛን ብረት ይዞ ወጥቶ የሰውየውን ጎን ደለቀው። ሐብተ ማርያም «ይህ እጁ ነው፤ ለነፍሱ እመለሳለሁ» ብሎ በገበያተኛው መሃል ሮጠ፤ ፖሊስ እስከ ዛሬ ይፈልገዋል። የልጄ ፊት በመታነቁ ጠቁሮ ስለነበረ አቶ አብዱልጀሊል ማንጠልጠያውን በመቀስ ሊቆርጥ ሞከረ። መቀሱ ሁለት ጊዜ ተንሸራተተበት። በሦስተኛው ቆረጠው።

እኔ ስደርስ ልጄን ወስደውት ነበር። በሩ ላይ ደም ውስጥ የወደቀውን ቁራጭ ሪባን አንስቼ በጋቢዬ ጠረግሁና ለፀሐይ ያዝሁት። አ፣ ስ፣ ማ፣ ረ አልኩ። አ፣ ም፣ ባ፣ ቸ፣ ው አልኩ። እህቴ ማሳ ላይ ያሰቀልኩት የልጄን ስም እንደሆነ ያን ጊዜ ነው ያነበብኩት።

፬. ስለ ደብዳቤዎ። ታኅሣሥ 25 ቀን ለልጄ ሆስፒታል አልጋው ድረስ የላኩለት ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ደርሶታል። ያለ ፈቃድ ከሥራ ገበታው ስለቀረ መሰናበቱን፣ የማኅበሩ ንብረት የሆኑትን አንድ ካርድና አንድ ማንጠልጠያ በአካል ቀርቦ እንዲያስረክብ፣ በማስረከቢያውም ላይ የቀኝ እጁን አውራ ጣት አሻራ እንዲያኖር ይላል። ከነርሷ ተቀብዬ ያነበብኩለት እኔ ነኝ። ቀስ ብዬ ስለማነብ «አውራ ጣት» የሚለው ቃል ላይ እስክደርስ ልጄ መጨረሻውን በትዕግሥት ጠበቀኝ። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ክቡር ሆይ፣ የጠየቁት አውራ ጣት ከነአራት ወንድሞቹ በንጹሕ ነጠላ ተጠቅልሎ በእናቱ መቃብር ራስጌ ተቀብሯል። ጉድጓዱን የቆፈርኩት እኔ ነኝ፤ አንድ ክንድ ያህል ነው፣ መሬቱም ጠጣር አይደለም። አሻራው ለመዝገብዎ የግድ ከሆነ ዶማ ይዘው ይምጡ፤ ቦታውን አሳይዎታለሁ። ይዘው የሚመጡትን ዶማ በምን ላይ እንደማሳርፈው ግን ዋስትና አልሰጥዎትም።

ልጄ ጥር ሳይወጣ ከሆስፒታል ይወጣል። የሚወጣው ስሙን ወደሚያውቅ፣ መቆሚያውን ወደሚያውቅ፣ ለነፍሱ እመለሳለሁ ወዳለው ሰው ነው። ከቀሩት ሠላሳ ሰባት ጥበቃዎችም እንደሱ ከደጋ የወረዱ፣ የአባታቸውን ስም ሳይጠሩ የሚኖሩ እንዳሉ እኔ አውቃለሁ፤ አሁን ሁሉንም እህቴ ማሳ ላይ ማንበብ ይቻላል። ስለዚህ እስከ ጥምቀት ዋዜማ ድረስ ካርዶቹን ሰብስበው ፎቶ፣ አጭር ስምና ቁጥር ብቻ ያለባቸውን እንዲያሳትሙ፣ ማንጠልጠያዎቹን በሚላቀቀው እንዲለውጡ፣ ያለቀውንም ሪባን በሠራተኛው ፊት እንዲያቃጥሉ በታላቅ አክብሮት እለምናለሁ። የለመንኩት ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ሁለተኛ አልለምንም።

ጤናዎን፣ ወንበርዎን፣ በተለይም ቀኝ እጅዎን አጥብቆ የሚመኝልዎ፣ በስጦታዎ ወፍ የተከላከለ፣ በግዢው ወረቀት ላይ ሦስተኛ ሆኖ የፈረመ፣ የጋሻ በር ማኅበር ጡረተኛ፣

አምባቸው አንዳርጋቸው
ፀዳ

ግልባጭ፦
ለሠላሳ ሰባቱ ጥበቃዎች፣ አንገታቸውን እየዳበሱ እንዲያነቡት
ለጸሐፊ ሰርካለም፣ መሳቢያ ውስጥ እንዳታስገባው
ለማሽኑ፣ ቀኑን አስቀድሞ እንዲያውቅ

ከፊርማ በኋላ የታወሰ፦ እርስዎ ሥራ ስለሚበዛብዎ፣ በራሴ እጅ የምዘጋቸውን ዕዳዎች ከዚህ በታች አስቀምጫለሁ፤ በእነዚህ እንዳይደክሙ።

የአቶ አብዱልጀሊል ዕዳ አለብኝ። ነገ ጠዋት ሱቁ ሄጄ፣ በሰደብኩት ቦታ ላይ ቆሜ፣ ደንበኛ እየሰማ እግሩን እስማለሁ። እምቢ ቢለኝም እስማለሁ።

የእህቴ ማሳ ዕዳ አለብኝ። ያን ሪባን ከየችካሉ በእጄ ፈትቼ፣ አንድ ስም ሳላስተርፍ አመድ አደርገዋለሁ። ገብሱን ወፉ ይብላው።

የማሽኑ ዕዳ አለብኝ። የጥምቀት ዋዜማ ካርዶቹ ሳይለወጡ ቢያልፍ፣ ይህን ደብዳቤ ያነበበ ሁሉ እንዲሰማ በማኅበሩ ግቢ አውጥቼ በመጥረቢያዬ ሁለት ቦታ እፈልጠዋለሁ። በግዢው ላይ ፈርሜያለሁና በስብራቱም ላይ ልፈርም ይገባኛል። በዚያች ሰዓት በማሽኑና በእኔ መሃል ባይቆሙ ለእርስዎ ይሻላል፤ መጥረቢያዬን ስዬ ነው የማመጣው፣ ዓይኔ ደግሞ እንደ ድሮው አይደለም። ክስ ከመሠረቱብኝም ወህኒ ቤቱን አውቀዋለሁ፤ የቀሩኝን ፊደላት እጨርስበታለሁ።

የመጨረሻው ዕዳ ከሁሉም የቆየው ነው። የልጄ ጠላት ልጄን የሚፈልገው እኔ አንገቴን ስለነፈግሁት ነው። በዋዜማው ማግሥት መካነ ብርሃን ወጥቼ በሸዋአየሁ ደጃፍ እንበረከካለሁ። ልጁ ካለ ለልጁ፣ ከሌለ ለሚስቱ፤ ይቅር ቢሉኝ ይቅር ይበሉኝ፣ መጥረቢያ ቢያነሱም ይህ አንገት የአስማረ አይደለም፣ የራሱ የባለዕዳው ነው። በአንገቴ የማጠልቀው ገመድ ግን ከየትም አልገዛም። አቶ አብዱልጀሊል የቆረጠውን ማንጠልጠያ አጥቤ ቋጥሬዋለሁ፤ ሳብ ሳብ አድርጌም ሞክሬዋለሁ፤ እውነትም በሬ ይጎትታል። ንብረትዎ እንደሆነ አልዘነጋሁም። በሕይወት ከተመለስኩ ራሴ አምጥቼ ጠረጴዛዎ ላይ አስቀምጠዋለሁ። ካልተመለስኩ መካነ ብርሃን ድረስ ሰው ይላኩና ከአንገቴ ፈትቶ ይረከብልዎ።